የአሞን ቀንድና የአለቶች ዘመን

ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት በደረሰው «የተፈጥሮ ታሪክ» በተባለው መጽሐፉ የከበሩ ድንጋዮችን ሲዘረዝር፣ «የአሞን ቀንድ» የሚባለውን ድንጋይ ከኢትዮጵያ እጅግ ቅዱሳን ድንጋዮች መካከል ይቈጥረዋል። መልኩ ወርቃማ፣ ቅርጹም እንደ አውራ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ መሆኑን፣ የወደፊቱን የሚገልጥ ሕልም ያሳያል ተብሎም እንደሚታመንበት ይጨምራል። ፕሊኒ ኢትዮጵያ ብሎ የሚጠራት ከግብፅ በስተደቡብ የነበረችውን የኩሽን አገር ነው፤ አሞንም በዚያ ዘመን በግብፅና በኩሽ ይመለክ የነበረ፣ የአውራ በግ ቀንድ ያለው ሆኖ የሚቀረጽ ጣዖት ነበር። ዛሬ አሞናይት እየተባለ የሚጠራው፣ ዘሩ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን የሆነው የባሕር እንስሳ ስሙን የወረሰው ከዚሁ ጣዖት ነው። በእንግሊዝ አገር በዊትቢ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ይኸው ድንጋይ የተጠቀለለ እባብ ነው ይባል ነበር። ቅድስት ሒልዳ እባቦቹን ወደ ድንጋይ ለወጠቻቸው የሚል አፈ ታሪክ ስለነበረ፣ የአካባቢው ነጋዴዎች በዛጎሉ ጫፍ ላይ የእባብ ራስ እየቀረጹ ለመንገደኛ ይሸጡት ነበር።

አሞናይት ግን ቀንድም እባብም አይደለም። የስኩዊድና የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነ የባሕር እንስሳ ዛጎል ነው። ዛጎሉ በውስጡ በግድግዳዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ እንስሳው የሚኖረው በመጨረሻው ሰፊ ክፍል ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ክፍሎች በውሃ ውስጥ ተንሳፎ ለመቆየት ያገለግሉት ነበር። ግድግዳዎቹ ከዛጎሉ ጋር የሚጋጠሙበት መስመር እንደ ጥልፍ የተወሳሰበ ነው። ጀርመናዊው ሊኦፖልድ ፎን ቡክ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ይህን መስመር ተመልክቶ፣ ከመስመሩ ቀላልነትና ውስብስብነት በመነሣት ዛጎሎቹን በየወገናቸው ከፈላቸው። አሞናይቶች ከዳይኖሰሮች ጋር በአንድ ዘመን፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ ፈጽመው ጠፍተዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ግን ዝርያዎቻቸው እጅግ በፍጥነት ይለዋወጡ ነበር፤ አንዱ ዝርያ ጥቂት መቶ ሺህ ዓመታት ኖሮ ቦታውን ለሌላው ይለቅቃል። በብዙ ባሕሮችም ተሰራጭተው ይኖሩ ነበር። የአለትን ዘመን ለመለየት ከሁሉ የተሻሉ ምስክሮች ያደረጓቸው እነዚህ ሁለት ጠባዮች ናቸው።

ይህን ምስክርነት አስቀድሞ የተጠቀመበት ሰው የዩኒቨርሲቲ ሊቅ አልነበረም። ዊልያም ስሚዝ በ1769 በኦክስፎርድሻየር ገጠር ከብረት ቀጥቃጭ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በመሬት ቀያሽነት ሙያ ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በሶመርሴት የድንጋይ ከሰልን ወደ ገበያ ለማጓጓዝ የውሃ ቦይ ሲቆፈር የቅየሳው ሥራ ለእርሱ ተሰጠው። በቁፋሮው የተገለጡት የአለት ንጣፎች ወደ ምሥራቅ ዘመም ብለው አንዱ በሌላው ላይ የተደገፉ ነበሩ፤ ስሚዝ በሳሕን ላይ ከተደረደረ ቅቤ የተቀባ የዳቦ ቁራሽ ጋር ያመሳስላቸው ነበር። ችግሩ ግን ብዙዎቹ ንጣፎች በመልክ የማይለያዩ መሆናቸው ነው። አንዱ ጭቃማ ድንጋይ ሌላውን ይመስላል፤ አንዱ የኖራ ድንጋይም እንደዚሁ። ለቦይ ቆፋሪ ደግሞ ጉዳዩ የዕውቀት ጥማት ብቻ አልነበረም። ውሃ የሚያሳልፈውን ንጣፍ ውሃ ከሚይዘው ለይቶ አስቀድሞ ካላወቀ ቦዩ ባዶውን ይቀራል። በዚያው ዘመን ጥቁር የጁራሲክ ጭቃ ባዩበት ሁሉ ከሰል አለ ብለው እየቆፈሩ ሀብታቸውን ያባከኑ ባለርስቶችም ጥቂት አልነበሩም።

ስሚዝ በጥር 1796 በአንድ የመንገደኞች ማረፊያ ሆኖ በጻፈው አጭር ማስታወሻ፣ እያንዳንዱ ንጣፍ የራሱ የሆኑ ቅሪተ አካላት እንዳሉትና በእነርሱም ሊለይ እንደሚችል መዘገበ። ከሦስት ዓመት በኋላ በባዝ ከተማ አካባቢ ይኖር ከነበረ ከቄስ ቤንጃሚን ሪቻርድሰን ጋር ተዋወቀ። ሪቻርድሰን በጊዜው እንደ ነበሩት ብዙ የተማሩ ሰዎች ዛጎል ሰብሳቢ ስለነበር፣ በቤቱ ያማረ ስብስብ ነበረው። ስብስቡም በቅርጽ በቅርጹ ተለይቶ የተደረደረ ነበር። ስሚዝ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ እያነሣ እያንዳንዱ ከየትኛው ንጣፍ እንደ ወጣ ይነግረው ጀመር፤ ባለቤቱ ራሱ የማያውቀውን ማለት ነው። ከዚያም ስብስቡን በቅርጽ ሳይሆን በንጣፎች ቅደም ተከተል አስተካክሎ ደረደረው። ሪቻርድሰን በነገሩ ተደንቆ፣ በዚያው በ1799 ከጓደኛው ከቄስ ጆሴፍ ታውንሴንድ ጋር ሆነው ስሚዝ የንጣፎቹን ሠንጠረዥ በቃሉ ሲያጽፍ ጻፉለት። የአንድ ሳጥን ድርድር መለወጡ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ዛጎል ከጌጥነት ወጥቶ የጊዜ ምልክት የሆነው በዚህ ሥራ ነው።

ስሚዝ በ1815 የእንግሊዝንና የዌልስን የአለት ካርታ፣ ከ1816 ጀምሮም ንጣፎችን በቅሪተ አካላት ስለ መለየት የሚያስረዳውን መጽሐፍ በክፍል በክፍል አሳተመ። ይሁን እንጂ ዕዳው በዝቶበት ስብስቡን ለብሪቲሽ ሙዚየም ለመሸጥ ተገደደ፤ በ1819ም በባለዕዳዎች እስር ቤት ታሰረ። የለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር የመጀመሪያውን የዎላስተን ሜዳሊያ የሸለመው በ1831 ነበር።

የስሚዝ ዘዴ በአንድ አገር ውስጥ ንጣፍን ከንጣፍ ለማገናኘት በቂ ነበር። ከአገር አገር ለማገናኘት ሲሞከር ግን አዲስ ጥያቄ ተነሣ። የእንግሊዝ የኖራ ድንጋይና የጀርመን ጭቃ በመልካቸው ባይመሳሰሉም በአንድ ዘመን የተጠራቀሙ ሊሆኑ አይችሉምን? የዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው በደቡብ ምዕራብ ጀርመን በሽቫበን ተራሮች ነው።

በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ፍሪድሪክ ክቬንሽቴት የእነዚህን ተራሮች ድርብርብ ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ ጁራ ብሎ በሦስት ከፈለው፤ እያንዳንዱንም ከአልፋ እስከ ዜታ በሚዘልቁ የግሪክ ፊደላት ስድስት ስድስት ክፍል ሰጠው። ክቬንሽቴት በእግሩ ያልረገጠው፣ በመዶሻው ያልነካው ንጣፍ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ክፍፍሉ የተመሠረተው በዚያው አካባቢ በሚታየው ድንጋይ ላይ ስለነበረ ከሽቫበን ውጭ ብዙም አላራመደም። አዳዲስ ስሞችን ማብዛትም አይወድም ነበር፤ ዛጎሎቹን ሁሉ «አሞናይት» በሚለው አንድ የወገን ስም ጠቅልሎ፣ ልዩነታቸውን ለማሳየት ሦስተኛ ስም ይጨምርላቸው ነበር። ፈረንሳዊው አልሲድ ዶርቢኚ በበኩሉ በዚያው ዘመን ጁራሲክን በእርከኖች ከፍሎ፣ በየእርከኑ መጨረሻ ፍጥረት ሁሉ ጠፍቶ እንደገና ይፈጠራል እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ይህ አስተሳሰቡ ወዲያው የተጣለ ሲሆን፣ ከእርከኖቹ ስሞች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

የክቬንሽቴት ደቀ መዝሙር የነበረው አልበርት ኦፔል ከመምህሩ የተለየ መንገድ መረጠ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ ወደ ፈረንሳይና ወደ እንግሊዝ ተጕዞ በየገደሉ ዛጎል ሰበሰበ፤ ከ1856 እስከ 1858 ባሳተመው መጽሐፍም የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይንና የደቡብ ምዕራብ ጀርመንን ጁራሲክ አነጻጸረ። የሐሳቡ መሠረት ይህ ነው፦ የድንጋዩ ዓይነትና ውፍረት ከግምት ውጭ ይደረግ። በምትኩ እያንዳንዱ ዝርያ በድርብርቡ ውስጥ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሚገኝ በብዙ ቦታዎች ይመዝገብ። ከበላይና ከበታች ካሉት ዘወትር በሚለዩት ዝርያዎች የሚታወቀው የድርብርብ ክፍል ዞን ይባል። ዞኑም ከዝርያዎቹ በአንዱ ስም ይጠራ። በዚህ መንገድ ጁራሲክን በ33 ዞኖች ከፈለው። ከእነዚህ ዞኖች አንዱን በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በጭቃ ውስጥ፣ በፈረንሳይ ደግሞ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ማግኘት ይቻላል፤ ድንጋዩ ቢለያይም ዘመኑ አንድ ነው። መምህሩ ክቬንሽቴት ይህን የደቀ መዝሙሩን አካሄድ በደስታ አልተቀበለውም። ኦፔል በሙኒክ ፕሮፌሰር ከሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር 1865 በታይፎይድ ሲሞት ዕድሜው ገና 34 ነበር።

ዞኖቹ በዝርያ ስም መጠራታቸው ግን አንድ ከባድ ነገር አስከተለ። ከዚያ በኋላ የዛጎሉ ስም ከተሳሳተ የአለቱም ዘመን ይሳሳታል። ዝርያን ከዝርያ መለየት የሙዚየም ሠራተኛ ብቻ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የካርታ ሠሪውም፣ የማዕድን ፈላጊውም ጉዳይ ሆነ። ይህ ሥራ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከእንግሊዛዊው ከሲድኒ በክማን (1860–1929) ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

በክማን በዓይን ያየውን ልዩነት የማያልፍ ሰው ነበር። በጎኑ ላይ ያሉት ሽንትሮች በቁጥር ከበዙ፣ በጀርባው ላይ የወጣው ጠርዝ ከሳለ፣ መሐሉ ጥቂት ከጐደጐደ ለዛጎሉ አዲስ ስም ይሰጠዋል። ከ1909 ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ በተከታታይ ባሳተመው ታላቅ የአሞናይት ሥራው እጅግ ብዙ አዳዲስ የዝርያና የወገን ስሞችን አስገባ። ለእያንዳንዱ ዝርያ የራሱ የጊዜ ክፍል አለው ብሎ ስለሚያምንም፣ ጁራሲክን በመቶ በሚቈጠሩ ጥቃቅን ጊዜያት ከፋፈለው። ሁለት የተለያዩ አሞናይቶች በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሲገኙ፣ አንዱ ከሌላው በላይ ሆኖ በዓይን ባይታይም፣ አንዱ ይቀድማል ሌላው ይከተላል ብሎ ይደረድራቸው ነበር። በአንድ ዘመን፣ በሁለት አካባቢ የኖሩ ሊሆኑ እንደሚችሉ በቂ ቦታ አልሰጠውም። የኦክስፎርዱ ዊልያም አርክል በ1933 ስለ ብሪታንያ ጁራሲክ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሠራር አጥብቆ ነቀፈው፤ ነቀፋውም ተገቢ ነበር።

ሆኖም በክማንን በነቀፋው ብቻ ማሰናበት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በሩቅ የተለያዩ ሁለት የዘር ሐረጎች በተለያየ ዘመን አንድ ዓይነት የውጭ ቅርጽ ሊይዙ እንደሚችሉ፣ በመልክ መመሳሰል ብቻ ተመርቶ ዘመን መስጠትም አደገኛ እንደሆነ አበክሮ ያስገነዘበ እርሱ ነው። እንዲህ ያሉትን ዛጎሎች ለመለየት ውጫዊውን መልክ ትቶ የግድግዳዎቹን መስመርና ዛጎሉ በልጅነቱ የነበረውን የውስጥ ጥቅል መመርመር ያስፈልጋል። ካሎሞንና ቻንድለር በ1990 የደቡብ እንግሊዝን የመካከለኛ ጁራሲክ አሞናይቶች እንደገና ሲመረምሩም፣ በክማን በየንጣፉ የመዘገባቸው ጥቃቅን ልዩነቶች ብዙዎቹ በእርግጥ ያሉ ሆነው ተገኝተዋል። የተሳሳተው ባየው ላይ ሳይሆን በአደራደሩ ላይ ነበር።

ጆን ካሎሞን በሙያው በለንደን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህር ሲሆን፣ አሞናይትን ያጠና የነበረው በትርፍ ጊዜው ነው። በ1963 ያሳተመው ጽሑፍ የምደባውን ሥራ ከሥሩ ነቀነቀው። ፖላንዳዊው ሄንሪክ ማኮቭስኪም በዚያው ሰሞን ለብቻው ወደ ተመሳሳይ መደምደሚያ ደርሶ ነበር። ሁለቱ ያስተዋሉት ይህን ነው፦ በአንድ ንጣፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ አሞናይት አብረው ይገኛሉ። ትልቁ አፉ ሜዳ ነው፤ ትንሹ ግን በአፉ ግራና ቀኝ ጆሮ የመሰለ ተቀጥላ አለው። ቀደምት ሊቃውንት እነዚህን በተለያየ ዝርያ፣ እንዲያውም በተለያየ ወገንና ቤተሰብ መድበዋቸው ነበር። የሁለቱ የውስጥ ጥቅል ሲታይ ግን በልጅነታቸው ፈጽሞ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት ዕድገታቸውን ሲጨርሱ ነው። ስለዚህ ትልቁ ሴቴ፣ ትንሹ ተባዕት መሆኑ አይቀርም። ሐሳቡ በፈረንሳይ ከ1840 ጀምሮ ተነሥቶ የነበረ ቢሆንም ማስረጃው በወጉ የተሰበሰበው ያን ጊዜ ነው። ለመቶ ዓመት በሁለት ስም ሲጠሩ የነበሩ ባልና ሚስት በአንድ ስም መጠራት አለባቸው ማለት ነው። የዞኖቹ ቅደም ተከተል በዚህ አልፈረሰም፤ የተነካው የስሞቹ ብዛት ነው።

ዞን የቀደመውንና የተከተለውን ይናገራል እንጂ የዓመት ቍጥር አይሰጥም። ቍጥሩ የሚገኘው በአለት ውስጥ ካሉ የሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች መፈራረስ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው አርተር ሆምስ በ1913 ስለ ምድር ዕድሜ ባሳተመው መጽሐፍ ዘዴውን ለሰፊው አንባቢ አስተዋወቀ። ለዚህ ተስማሚ የሆነው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ግን በዚህ መንገድ በቀላሉ አይለካም። ስለዚህ በጥቂት ቦታዎች ከአሞናይት ጋር በተገኘ አመድ ላይ የተለካው ቍጥር በዞኖቹ አማካይነት ወደ ሌሎቹ ቦታዎች ይተላለፋል። ጁራሲክ የጀመረው ከ201 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ሲሆን፣ ከ55 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቷል። በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ከ70 በላይ ዞኖች ስላሉት፣ እያንዳንዱ ዞን በአማካይ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ያነሰ ጊዜን ይወክላል። የጁራሲክ መጀመሪያ ራሱ በ2010 በዓለም አቀፍ ስምምነት የተወሰነው በአሞናይት ነው፤ በኦስትሪያ ኩዮክ በተባለው ስፍራ ሲሎሴራስ ስፔሌ የተባለው ዝርያ መጀመሪያ የሚታይበት ንጣፍ መነሻ ሆኗል።

ይህ ሁሉ በአውሮፓ የተሠራ ሥራ በኢትዮጵያ ሲፈተን ምን ይመስላል? የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከጦር ጋር ነው። እንግሊዞች በ1867 እና በ1868 በመቅደላ ላይ ባዘመቱት ጦር ውስጥ የህንድ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረው ዊልያም ብላንፎርድ አብሮ ተጕዞ ነበር። ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በአዲግራትና በእንጣሎ በኩል ሲያልፍ ያያቸውን አለቶች በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይና የእንጣሎ የኖራ ድንጋይ የሚሉት፣ ዛሬም የሚሠራባቸው ስሞች ከእርሱ የመጡ ናቸው። የኖራው ድንጋይ የጁራሲክ መሆኑ የታወቀው በውስጡ ባሉት ዛጎሎች ነው። ፈረንሳዊው ኦብሪ ከሸዋ ይዟቸው የሄደውን ቅሪተ አካላት ደግሞ ዱቪዬ በፓሪስ መርምሮ ውጤቱን በ1886 አሳተመ።

የእንጣሎ ድንጋይ በመቀሌ አካባቢ እስከ 700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዛጎል የበለጸገ ነው፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ዛጎሎች ብራኪዮፖድና ባለሁለት ክዳን የሆኑ፣ ሞቃትና ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ የሚኖሩ ናቸው። አሞናይት በቀላሉ አይገኝም። የወለል ነዋሪዎቹ ሁለት ጕድለት አለባቸው፦ አንድ ዝርያ ረጅም ዘመን ይኖራል፤ ከአካባቢውም ብዙ አይርቅም። ለምሳሌ ሔለን ምዩር-ዉድ በ1935 ከሶማሊያ ጁራሲክ የሰየመችው ሶማሊሪንኪያ የተባለ ብራኪዮፖድ በአፍሪካ ቀንድና በዐረብ ዙሪያ የታወቀ ሲሆን፣ ከአውሮፓ ዞኖች ጋር በቀጥታ አይገናኝም። የዚህ ባሕር እንስሳት ከሰሜኖቹ ስለሚለዩ በሳይንሱ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ፕሮቪንስ» የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። በዚህም ምክንያት በትግራይና በዓባይ ሸለቆ የተገኘች እያንዳንዷ አሞናይት ዋጋዋ ከፍ ያለ ነው። ጀርመናዊው አርኖልድ ዛይስ በ1971 የኢትዮጵያን አሞናይቶች ከደቡብ ጀርመን ጋር ሲያነጻጽር፣ ኦፔል ከመቶ ዓመት በፊት መዶሻውን ይዞ የተመላለሰበት አገር ለእንጣሎ መለኪያ ሆነ። ዛሬ በመቀሌ አካባቢ ያለው የእንጣሎ ድንጋይ ኦክስፎርዲያንና ኪመሪጂያን በተባሉት የላይኛው ጁራሲክ እርከኖች ይመደባል።

ከእንጣሎ በታች ነገሩ ይጠብባል። በዓባይ ሸለቆ ከኖራው ድንጋይ ሥር ያለውን የጂፕሰምና የጭቃማ ድንጋይ ድርብርብ ጌታነህ አሰፋ በ1981 የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን ብለው ሲሰይሙት፣ ዘመኑን የወሰኑት ከታችኛው እስከ ላይኛው ጁራሲክ በሚዘልቅ ሰፊ ክልል ነው። ጨዋማ ውሃ እየደረቀ ጂፕሰም በሚጠራቀምበት ስፍራ አሞናይት አይኖርምና ከዚህ የጠበበ ወሰን መጠበቅ አይቻልም ነበር። ከዚያ በታች ያለው የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይም የባሕር ዛጎል የለውም። እዚህ ላይ የኦፔል ማስጠንቀቂያ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። የጁራሲክ ባሕር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከደቡብ ምሥራቅ ነው። በኦጋዴን ሐማንሌይ የተባለው የባሕር ድንጋይ መጠራቀም ሲጀምር፣ በትግራይ ገና ወንዞች አሸዋ ያፈሱ ነበር። ስለሆነም በሁለቱም ቦታ «የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ» ተብሎ የሚጠራው አለት የላይኛው ወሰኑ በአንድ ዘመን አይውልም። ከሸለቆ ወደ ሸለቆ በዓይን እየተከታተለ «ይህ ያው ነው» የሚል ሰው ድንጋዩን አልሳተም፤ ዘመኑን ግን ስቷል። ለነዳጅ ፍለጋ በኦጋዴን ጕድጓድ የሚቆፍሩትም ይህን ልዩነት ካልያዙ ጋዝ የያዘውን አሸዋ ከሸፈነው ንጣፍ ጋር በትክክል ማገናኘት አይችሉም። የመቆፈሪያው ጥርስ አሞናይቱን ፈጭቶ ስለሚያወጣው፣ እዚያ ሥራው የሚሠራው በአጕሊ መነጽር በሚታዩ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትና በዕፀዋት ብናኝ ነው።

ከእንጣሎ በላይም እንዲሁ ነው። በመቀሌ አካባቢ በኖራው ድንጋይ ላይ የአጉላ ጭቃማ ድንጋይ፣ በእርሱ ላይ የአምባ አራዳም የአሸዋ ድንጋይ፣ ከሁሉ በላይ ብላንፎርድ የአሸንጌና የመቅደላ ብሎ የከፈለው የእሳተ ገሞራ አለት ተደርቧል። የእሳተ ገሞራው ድንጋይ በሬዲዮአክቲቭ ዘዴ ሲለካ 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የአጉላው የላይኛው ጁራሲክ ነው። በመካከላቸው ያለው የአምባ አራዳም አሸዋ የባሕር ዛጎል ስለሌለው የክሬቴሺየስ ዘመን ነው ተብሎ የሚመደበው ከበታቹና ከበላዩ ባሉት ተገምቶ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ100 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል።